«ራሱ አምኖ የለም እንዴ?»

ኅዳር 2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሰፈራችን ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ፊልሙ የሚያነሳቸው በሽብር የተከሰሱ ፖለቲከኞችና ጋዜጠኞች ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እየታየ ነበር። የሻይ ቤቷ ባለቤት ድምፁን ከፍ አደረገችው። በእስር ላይ ያሉ ሰዎች ሲናገሩ አየን። ሲያልቅ አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ብርጭቋቸውን ገፋ አድርገው «ራሱ አምኖ የለም እንዴ? ከዚህ ወዲያ ምን ፍርድ ቤት ያስፈልጋል?» አሉ።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁ፣ የሁለቱን ወገን ሳይሰሙ አንዲት ቃል የማይተነፍሱ ሽማግሌ ናቸው። ያን ምሽት ግን የሰሙት አንዱን ወገን ብቻ መሆኑን ልብ አላሉትም። በጥር 2005 «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ሌላ ዘጋቢ ፊልም ሲተላለፍም የሙስሊሞች ጉዳይ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ክስ ገና እልባት አላገኘም ነበር። ያኔም ተመሳሳይ ንግግር ሰማሁ።

የራሳችንን ጉዳይ ስናነሳ ሁላችንም ወገን አለን፤ ስለዚህ እስከ ሥሩ የተመረመረ የሌላ አገር ጉዳይ ልጥቀስ።

«ያላደረገውን የሚያምን ሰው የለም»

አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1974 ምሽት በእንግሊዝዋ በርሚንግሃም ከተማ በሁለት መጠጥ ቤቶች ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሞቱ፤ ከ180 በላይ ቆሰሉ። የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር (አይ አር ኤ) ሥራ ነው ተባለ። ከተማው በቁጣ ነደደ። በከተማው የሚኖሩ አየርላንዳውያን በየሥራ ቦታው ተሰደቡ፣ ተደበደቡ፤ በየዓመቱ በአደባባይ ያከብሩት የነበረው የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሰልፍ ለሃያ ዓመት ያህል ቀረ። ፓርላማው በስምንት ቀን ውስጥ የፀረ ሽብር ሕግ አወጣ።

በዚያው ምሽት አምስት አየርላንዳውያን ሠራተኞች ለቀብር ወደ ቤልፋስት በባቡር ሲጓዙ ወደብ ላይ ተያዙ። ስድስተኛው ከተማው ውስጥ ተያዘ። ከስድስቱ አራቱ በፖሊስ ጣቢያ የእምነት ቃል ላይ ፈረሙ። ተደብድበን ነው ቢሉም የሰማቸው አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1975 ሁሉም ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በኋላ በተደረገ የሰነድ ምርመራ የፖሊስ ማስታወሻዎች ተነካክተው መገኘታቸው ታወቀ።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደማይኖረው የሚደነግገው በዚሁ ምክንያት ነው። የታመመ፣ እንቅልፍ የተነሣ፣ ስለ ልጆቹ የተዛተበት ሰው ምንም ላይ ይፈርማል። በቴሌቪዥን የታየው ቃል ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አያውቀውም፤ ተናጋሪው ከካሜራው ኋላ ማን እንደቆመ አይነግረንም።

«ላቦራቶሪ ካረጋገጠው አለቀ»

አየርላንዳውያኑ በተያዙበት ሌሊት አንድ የመንግሥት ኬሚስት የእስረኞቹን እጅ በፈሳሽ ጠርጎ መረመረ። የአንዳንዶቹ እጅ ፈንጂ ነክቷል፣ 99 በመቶ እርግጠኛ ነኝ ብሎ መሰከረ። ሰዎቹ ግን ባቡሩ ላይ ካርታ ሲጫወቱ ነበር። ምርመራው የካርታን ቅብ ጨምሮ ሌሎች ተራ ነገሮችን የነካ እጅ ላይም ያንኑ ውጤት ሊያሳይ እንደሚችል የተረጋገጠው ሰዎቹ ወህኒ ዓመታት ካሳለፉ በኋላ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤን የሚከብደው ጉዞውን ለማሳጠር የተመዘዘችው ካርታ ነች። የአንዱ ወገን ባለሙያ ብቻ ሲሰማ ሳይንሱም የከሳሽ ምስክር ሆኖ ይቀራል፤ ተከሳሽ የራሱን ባለሙያ የማቅረብ አቅምና ጊዜ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ችሎቱን ከቁጣው ካራቁት ፍርዱ ይስተካከላል»

ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ሲቲ የደረሰው ፍንዳታ ዋና ተከሳሽ ጉዳይ ወደ ዴንቨር የተዛወረው በዚህ ምክንያት ነው። የስድስቱም ችሎት ከበርሚንግሃም ወደ ላንካስተር ተዛውሮ ነበር። ነገር ግን የተበላሸው ማስረጃ አብሮ ተጓዘ።

«ይህን ያህል ፖሊስ ተባብሮ አይዋሽም»

ስድስቱ በፖሊስ ላይ የካሳ ክስ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1980 ክሱን ያዩት ታላቁ ዳኛ ሎርድ ዴኒንግ ሙግቱ እንዳይቀጥል አደረጉ። እነዚህ ሰዎች ከረቱ ፖሊስ ደብድቧል፣ በሐሰት መስክሯል ማለት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለማሰብ እንኳ የሚዘገንን ነው አሉ። ከሙግቱ ይልቅ የተቋሙ ስም ከበዳቸው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ በጣም የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስህተቱን የሠራው የተቆጣ ሕዝብ ሳይሆን አገሩ የሚያከብራቸው፣ ረጋ ያሉ የሕግ ሰው ናቸው።

«እኛ ከተራ ሰዎች የተውጣጣ ጁሪ የለንም፤ ዳኛ በወሬ አይነካም»

ዳኛም የሚኖረው ሰፈር ውስጥ ነው። ለቅሶ ይደርሳል፣ ዕድር አለው፣ ዜና ያያል። ከላይም ጫና ይመጣበታል። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና የተጠረጠሩት አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከችሎት እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል አዋጅም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ዋስትና ግን ከክስ ነጻ መሆን አይደለም፤ ተከሳሹ ከቤቱ እየተመላለሰ ይከራከራል ማለት ብቻ ነው።

ከጎንም ጫናው አለ። የአንድ ሰው መታሰር ሲሰማ ብዙዎቻችን የምናስቀድመው ጥያቄ «ምን አደረገ?» ሳይሆን «የማን ወገን ነው?» የሚለው ሆኗል። መልሱ ሲታወቅ ግማሹ አገር ጥፋተኛ፣ ግማሹ ንጹሕ ይለዋል፤ የክስ ማመልከቻውን ያነበበ ግን የለም። ለተከሳሽ የቆመ ጠበቃም «ተባባሪ» ይባላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ግን ንጹሕ ሆኖ መገመትና በጠበቃ መወከል የተከሳሽ ሁሉ መብት ነው፤ የምንጠላውም ሰው «ተከሳሽ ሁሉ» ውስጥ አለ።

«ለተከሳሽ መብት መቆም ሟችን መርሳት ነው»

ይህን የሚሉትን ሰዎች ሐዘን አልንቅም። ልጁን የቀበረ አባት ስለ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲነገረው ቢቆጣ አልፈርድበትም። ግን በበርሚንግሃም የሆነውን እንይ። ስድስቱ የተፈቱት እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1991 ነው፤ ከ16 ዓመት በላይ ታስረው። በእነዚያ ዓመታት ገዳዮቹ ተፈርዶባቸዋል ተብሎ ስለታመነ ፖሊስ ሌላ ሰው በትጋት አልፈለገም፤ ምስክር አረጀ፣ ማስረጃ ጠፋ፣ ተጠርጣሪም ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሞት መንስኤ አጣሪ ጁሪ 21ዱም በሕገወጥ መንገድ መገደላቸውን አረጋገጠ። ፈንጂውን ማን እንዳስቀመጠ ግን ለቤተሰቦቹ የነገራቸው ፍርድ ቤት የለም፤ ከስድስቱ በኋላ በዚያ ግድያ የተፈረደበት አንድም ሰው አልተገኘም።