ናፍጣ የተቀባ ዝናብ መጥረጊያ

ክረምት ሲገባ በየላቫጆው የሚታደል አንድ ምክር አለ፦ «ጋሼ፣ መስመር የሚያወጣው ጎማው ደርቆ ነው፤ ናፍጣ ላስነካው፣ ይለሰልሳል።» ጨርቁ ሁለቴ ሲመላለስበት ጎማው እንደ አዲስ ይጠቁራል፤ ባለመኪናውም ጉርሻ ሰጥቶ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ምክሩ ከባዶ አልተነሳም። ናፍጣና ላምባ ቅባት ያሟሟሉ፤ ጠርዙ ላይ የተጋገረውን ጥቀርሻ ስለሚያነሱ የመጀመሪያው ቀን ጠረጋው የተሻሻለ ሊመስል ይችላል። ጣጣው ኋላ ነው። የተፈጥሮ ጎማ ነዳጅ ሲነካው ይመጠውና ያብጣል፤ ያ ቀጭን ጠርዝ ይልፈሰፈሳል፣ ይወላገዳል። ናፍጣ ደግሞ ቶሎ አይተንም፤ የተረፈውን መጥረጊያው ራሱ እየተመላለሰ መስታወቱን ይለቀልቅበታል። ቀን ላይ ብዙም አያስታውቅም። ማታ በዝናብ የመጪ መኪና መብራት ሲያርፍበት ግን ብርሃኑ ቅባቱ ላይ ይበተንና መንገዱ ይጠፋል። አንድ ወዳጄ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ እንዲሁ ሆኖበት የመኪናውን ጎማ ቦይ ውስጥ ከቷል። ሰው አልተጎዳም። «እኛ ሞክረነው ሠርቷል» የሚሉት ግን ዛሬም ምክራቸውን አላቆሙም፤ ሌሊት በዝናብ ሞክረውት እንደሆነ ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጎማው ሳይሆን መስታወቱ ነው። በጋውን ሙሉ የናፍጣ ጭስ፣ አቧራና የመንገድ ቅባት ተደራርቦበታል። ውሃ ድፉበት፦ ንጹሕ ከሆነ ውሃው ወጥ ሆኖ ይዘረጋል፤ ቅባት ካለበት ይቆራረጣል። በፈሳሽ ሳሙና እጠቡትና በብዙ ውሃ አለቅልቁት። የጎማውን ጠርዝ ደግሞ አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ከቀረ ጠርዙ ተቆርጧል፤ ጥፍር ሲሄድበት ይታወቃል። ሰፊ ቦታ ሳይጠረግ የሚያልፍ ከሆነ የመጥረጊያው እጅ ሞላ ደክሞ ወይም እጁ ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

«ካልተቀደደ ይሠራል» የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ፀሐይ ጎማን ሳይቀደድ ያደርቀዋል፤ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ መቀየር የተለመደ ምክር ነው። ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት መሞረድም ጠርዙን ያሻክረዋል። የልብስ ሳሙና ዱቄት ውሃ መያዣው ውስጥ መጨመር መርጫውን ይደፍነዋል።

አዲስ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌዎቹን ሁለቱንም ያዙ። በብዙ መኪኖች የሾፌሩና የጋቢናው መጥረጊያ ርዝመት ይለያያል፤ ሻጩ ግን እኩል የሆኑ ሁለት ሊሰጣችሁ ይችላል። ስትቀይሩም እጁ ባዶውን ቆሞ እያለ ወፍራም ጨርቅ ከሥሩ አንጥፉ፤ ሞላው ከመለሰው የፊት መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።