የእንግዳው አድራሻና የእንግዳው ፈቃድ

ላሊበላ ውስጥ ሆቴል የገባ እንግዳ ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት የሚሞላት ካርድ አለች። ስም፣ ዜግነት፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ስልክ፣ ኢሜይል። እነዚህን ሁሉ የሚሰጠው አልጋ ለመያዝ ነው። ገና ሲቃረብ ግን ኢሜይሉ ከካርዷ ላይ ተገልብጦ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባና «ለበዓሉ ክፍል አለን» የሚል ማስታወቂያ ይላክበታል። አድራሻውን የሰጠው እንግዳው ራሱ ነው፤ ለማስታወቂያ ግን አልሰጠም። በኢሜይል ገበያ ፈቃድ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሳይጠየቁ መላክ የቆየ ልማድ ነው። በስፋት የሚታወቀው የመጀመሪያው ያልተጠየቀ የንግድ ኢሜይል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ጌሪ ቱርክ የተባለ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ባለሙያ የኩባንያውን ኮምፒውተሮች ለማስተዋወቅ ብሎ የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው በአርፓኔት ለ400 ያህል ሰዎች ላከ። ቁጣው ወዲያው መጣ። ሰዎቹ የተቆጡት በኮምፒውተሩ ሳይሆን ማንም ሳይጠይቃቸው ቤታቸው በመገባቱ ነው።

በእኛ አገር ነገሩ በወንጀል ሕግ ጭምር ተይዟል፤ ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ግን ብዙ አይመስለኝም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ላይ፣ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመሸጥ ብሎ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ በኢሜይል ማስታወቂያ የሚያሰራጭን ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ተቀባዩ አስቀድሞ ከፈቀደ ቅጣት የለም። ማስታወቂያው የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ፣ እንዲሁም ተቀባዩ በቀላሉ «ይብቃኝ» የሚልበትን መንገድ ከያዘም ሕጉ ያልፈዋል። ከዚህ በኋላ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የላሊበላ አስጎብኚ ደግሞ ሌላም የሚያስበው አለው፤ አውሮፓ ለሚኖሩ ሰዎች ብሎ ጉዞ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ከሆነ፣ ቢሮው ላሊበላ ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ ይመለከተዋል።

ፈቃዱ ታዲያ በምን መልክ ይገኛል? በዚያችው ካርድ ግርጌ አንዲት ባዶ ሳጥን ትሳልና ከጎኗ እንዲህ ይጻፍ፦ «ስለ ገና፣ ስለ ጥምቀትና ስለ አዳዲስ ጉዞዎቻችሁ በዓመት ሦስት ጊዜ ኢሜይል ላኩልኝ። በፈለግሁ ጊዜ ማቋረጥ እችላለሁ።» ምልክቱን የሚያደርገው እንግዳው ብቻ ነው። ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ እንደማይሆን የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ፕላኔት49 በተባለ የጀርመን ኩባንያ ጉዳይ ወስኗል። ሳጥኗን ባዶ የተወ እንግዳም አልጋውን ያለ አንዳች ቅሬታ ማግኘት አለበት፤ ተገዶ የተሰጠ እሺታ ፈቃድ አይባልም።

ቀጥሎ ማረጋገጫ አለ። በእጅ የተጻፈ አድራሻ አንድ ፊደሉ በስህተት ከተነበበ ማስታወቂያው ላሊበላን ረግጦ ለማያውቅ ሰው ይደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ አንዲት አጭር ኢሜይል ትላካለች፤ ውስጧ ያለውን ሊንክ የተጫነ ብቻ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ሊንኩን ያልተጫነ ሰው ይቅር፤ ሁለተኛ አይጎትጎት። የፈቀደው ሰው መቼ እንደፈቀደና ምን ተብሎ እንደተጠየቀ ግን ከካርዷ ጋር ይቀመጥ፤ ጥያቄ ቢነሳ ማስረጃው እሱ ነው።

ሕጉን የማይፈራ ሰው እንኳ ጂሜይልን ቢፈራ ደግ ነው። ጉግል ላኪዎች በ«ስፓም» (ባልተፈለገ መልእክት) የሚከሰሱበት መጠን ከመቶ 0.3 እንዳይደርስ ያሳስባል። ለ300 ሰው ከተላከ ኢሜይል ላይ አንድ የተቆጣ ሰው «ስፓም» የሚለውን ቁልፍ ቢጫን መጠኑ አለፈ ማለት ነው። ላኪው በዚህ መልክ ስሙ ከጠፋ ጉዳቱ በማስታወቂያው አያበቃም፤ ለጥምቀት ክፍል የጠየቀ እንግዳ የሚጠብቀው መልስም ስፓም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

ለላሊበላ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከተማዋ የምትኖረው በእንግዳ ነው፤ እንግዳውን ኮቪድ አስቀረው፣ ከዚያ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ደረሰ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላ ግጭት መጣ። «ስለ ላሊበላ ጻፉልኝ» ብሎ በገዛ እጁ የፈረመ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ወሬ ይጠብቃል። በረራው አለ ወይ? ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው ወይ? ለዚህ ሰው የሚላከው ደብዳቤ እውነቱን መናገር አለበት። ሰላም ሳይኖር «ኑ» ማለት ፈቃዱን ከመጣስ የባሰ ነው።

የድሮ መዝገቦችስ? ብዙ ሆቴል ያለ ፈቃድ የተጠራቀመ አድራሻ አለው። «ልንጽፍልዎ እንችላለን?» ብሎ ለሁሉም መላክ ጨዋነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሆንዳ በብሪታንያ ለ290,000 ለሚጠጉ ሰዎች እንዲህ ብሎ በመጠየቁ እ.ኤ.አ. በ2017 13,000 ፓውንድ ተቀጥቷል፤ የፈቃድ ማስረጃ አልነበረውምና። የሚሻለው መዝገቡን መተውና እንግዳው ራሱ ሲጽፍ፣ ወይም ተመልሶ ሲመጣ፣ በአዲሷ ካርድ መጠየቅ ነው።