ንቅሳትና ደርማ ሮለር፦ መርፌ ያስገባውን ቀለም መርፌ ያወጣዋልን?

በሰቆጣ ከተማና በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢ ሁሉ፣ በግንባራቸው መስቀል፣ በአንገታቸው ተደራራቢ መስመር የተነቀሱ እናቶችን ማየት የተለመደ ነው። ንቅሳት ለቀደመው ትውልድ የውበትና የእምነት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። በልጅነታቸው ተነቅሰው ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ከተማ ከሄዱት መካከል ግን ምልክቱን ማስጠፋት የሚሹ አሉ። ደርማ ሮለርን የመሰሉ በእጅ የሚያዙ ባለመርፌ መሣሪያዎች በመዋቢያ ገበያ ሲገኙ «እሾህን በእሾህ» የሚለው ተስፋ መነሣቱ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ ተስፋው ከቆዳ ተፈጥሮ ጋር የሚጣጣም መሆን አለመሆኑን ያብራራል።

ሁለቱ ጥበቦች በእርግጥ ይዛመዳሉ። ሁለት ካናዳውያን ሐኪሞች፣ ካሚራንድና ዱሴ፣ የቀዶ ጥገና ጠባሳን ለመሸፈን ቆዳ መሰል ቀለም ይነቅሱ ነበር። ቀለሙ ከደበዘዘ በኋላ ጠባሳው ራሱ ተሻሽሎ ስላገኙት፣ ያለ ቀለም በመነቀሻ መርፌ ብቻ ጠባሳን ማከም እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1997 ጽፈዋል። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ዴዝሞንድ ፈርናንዴዝ ደግሞ መርፌዎቹን በሚሽከረከር በርሜል ላይ በመትከል ዘዴውን አስፋፋ። መርፌው የሚፈጥራቸው ጥቃቅን ቁስሎች ሲድኑ ሰውነት አዲስ ኮላጅን ይሠራል፤ የሕክምናው ጥቅም ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ንቅሳት ግን በቁስል መዳን የሚወገድ ነገር አይደለም። በባህላዊው አሠራር ጥቀርሻ በእሾህ ወይም በመርፌ ጫፍ ከኤፒደርሚስ አልፎ ወደ ደርሚስ ይገባል። የካርቦን ቅንጣቶቹን ማክሮፋጅ የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ይውጧቸዋል፤ መፍጨት ግን አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ የታተመ የፈረንሳይ ጥናት እንዳሳየው፣ አንዱ ሕዋስ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም ተተኪው መልሶ ይውጠዋል። ምልክቱ ዕድሜ ልክ የሚዘልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀጣዩ ነጥብ ጥልቀት ነው። የንቅሳት ቀለም በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ይቀመጣል። ለቤት የሚሸጡት መሣሪያዎች የመርፌ ርዝመት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቆዳ ስለሚለጠጥ የሚገባው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ መሣሪያው ቀለሙ ካለበት ስፍራ አይደርስም።

ረጅም መርፌ መምረጥም መፍትሔ አይሆንም። ቀለሙ በሕዋሳት ውስጥ የታሰረ በመሆኑ ቀዳዳ ስለተከፈተለት ብቻ አይወጣም፤ ጉዳቱ ግን ይጨምራል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቁስል ሜላኒንን ስለሚያነሣሣ ከንቅሳቱ ዙሪያ አዲስ ጥቁረት ሊተው ይችላል፤ ኬሎይድ የተባለው ያበጠ ጠባሳም በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ይበልጥ ይታያል። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ገና ያልዳነ ፊት ለፀሐይ ማጋለጥ ጥቁረቱን ያባብሳል። በተበሳ ቆዳ ላይ የሚቀባ ፊት የሚያቀላ ቅባትም ከወትሮው በበለጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

አደጋው በአንድ ሰው ላይ ላይወሰን ይችላል። በመቶዎች በሚቆጠሩ መርፌዎች መካከል የቀረ ደም ለዓይን ባይታይም፣ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመበከል ኃይሉን ይዞ ይቆያል። በአልኮል መጥረግ ተሕዋስያንን ይቀንሳል እንጂ መሣሪያውን አያመክንም። ቀድሞ አንዱ የነቃሽ መርፌ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር የነበረው ስጋት፣ እህትማማቾች ወይም ጓደኛሞች አንድ ሮለር ሲጋሩ በአዲስ መልክ ይመለሳል።

ለጥቀርሻ ንቅሳት ሳይንሳዊ መሠረት ያለው አማራጭ ሌዘር ነው። በተለይ 1,064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር በላይኛው ሽፋን ባለ ሜላኒን ብዙም ሳይዋጥ ወደ ደርሚስ ስለሚዘልቅ ለጠቆረ ቆዳ ይመረጣል። ጨረሩ የካርቦኑን ቅንጣት ይሰባብራል፤ ሰውነትም ስባሪውን ቀስ በቀስ ያስወግዳል። ሥራው ብዙ ዙር የሚጠይቅና በቆዳ ሐኪም እጅ የሚከናወን ነው።

እንግዲህ ለርዕሱ ጥያቄ መልሱ አሉታዊ ነው። የጤና ትምህርት ሰጪዎች ስለ ነቃሽ መርፌ የሚሰጡትን ምክር ወደ ሮለሩም ሊያሰፉት ይገባል። ምክሩ ግን የእናቶችን ንቅሳት እንደ ነውር ሳይቆጥር፣ ምልክቱን ለማስጠፋት የምትሻውንም ሳያሳፍር ቢቀርብ፣ ወጣቷ በድብቅ ፊቷን ከማቁሰሏ በፊት ወደ ባለሙያ የመምጣት ዕድሏ ይሰፋል።