የሳንባ ምችን ያመጣው የትኛው ተህዋሲ ነው?

ሐኪም የሳንባ ምችን በማዳመጫና በራጅ ይለያል። በሽታውን ያመጣው ተህዋሲ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል። ከ2010 እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በቺካጎና በናሽቪል ሆስፒታሎች በሳንባ ምች በተኙ አዋቂዎች ላይ ሰፊ ጥናት ተደርጎ ነበር። ናሙናቸው ከተመረመረ 2,259 ሰዎች መካከል በ62 በመቶዎቹ ምንም ተህዋሲ አልተገኘም። መንስኤው ካልታወቀ ሐኪሙ በግምት ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚያጠቃ አንቲባዮቲክ ያዛል፤ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችም በዚሁ ይበረታሉ።

የተለመዱት ምርመራዎች ገደብ አለባቸው። ካልቸር የሚያበቅለው ሕያው ባክቴሪያን ነው፤ ሕመምተኛው ቀድሞ መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ላይበቅል ይችላል። የተህዋሲን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር ፈጣን ነው፤ የሚያገኘው ግን እንዲፈልግ የታዘዘውን ብቻ ነው።

የዘረመል ንባብ ከዚህ ይለያል። በአክታው ወይም ከሳንባ በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ዘረመል በጅምላ አንብቦ ከሚታወቁ ተህዋስያን ጋር ያመሳክራል። በ2019 መጨረሻ በዉሃን የታየው እንግዳ የሳንባ ምች መንስኤው አዲስ ኮሮና ቫይረስ መሆኑ የተደረሰበት በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ለምን በየሆስፒታሉ አልገባም? ዋጋው አንድ ነገር ነው። በናሙናው ውስጥ ከሚነበበው አብዛኛው ደግሞ የሕመምተኛው የራሱ ዘረመል ነው። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህን አስቀድመው የሚያስወግዱበትን ዘዴ አሳይተው፣ በ2019 ባወጡት ሥራ የባክቴሪያ ውጤት በ6 ሰዓት ገደማ ማድረስ ችለዋል።

ለእኔ ከሁሉም የከበደው ግን የትርጓሜው ጉዳይ ነው። ኒሞኮከስ የተባለው ዋነኛው የሳንባ ምች ባክቴሪያ በጤነኛ ሕፃናት አፍንጫም ይኖራል። ስለዚህ ተህዋሲው ተገኘ ማለት በሽታውን ያመጣው እሱ ነው ማለት አይደለም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት የተህዋሲውን ዘረመል ብቻ አላነበቡም፤ የሕመምተኛው ሕዋሳት የትኞቹን ጂኖች እንዳነቃቁም አብረው አዩ። ሰውነት በኢንፌክሽን ላይ ሲዘምት የሚተወው ምልክት አለና፣ ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃኑን ትንፋሽ ቆጥረው አሞክሳሲሊን ይሰጣሉ። ይህ ሕይወት ያተርፋል፤ ኦክስጅንም ከማንኛውም የዘረመል ማሽን ይቀድማል። ሆኖም በኮቪድ ጊዜ በአገር ውስጥ የተካሄደው የዘረመል ንባብ በቫይረሱ ላይ ብቻ ሊቆም አይገባም። ጤና ሚኒስቴር በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ከጽኑ ሕሙማን ናሙና እያስነበበ፣ የትኛው ተህዋሲ የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ በየዓመቱ ለሐኪሞች ያሳውቅ።