የኪሳራ ቃላት በጃፓን ንግድ

ከጃፓን ነጋዴ ጋር የሚጻጻፍ ሰው ዋጋንና ጭነትን የሚመለከቱትን ቃላት ፈጥኖ ይለምዳል። የኪሳራን ቃላት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጋቸው ጉዳት ከደረሰበት በኋላ ነው። በአማርኛ «ከሰረ» ተብሎ በአንድ ቃል የሚነገረው ነገር በጃፓንኛ ብዙ ስም አለው፤ የየአንዳንዱም ውጤት የተለያየ ነው።

ከሁሉ የሚሰፋው ቃል «ቶሳን» ነው። የሚጻፍባቸው ሁለት ፊደላት «መውደቅ» እና «ሀብት» ማለት ናቸው። ጋዜጦች ዕዳውን መክፈል ያቃተውን ድርጅት ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩታል። ይሁን እንጂ ቃሉ ድርጅቱ ይዘጋ ወይም ይቀጥል እንደሆነ አያስረዳም። ይህን የሚለዩት ሦስት የሕግ ቃላት ናቸው።

«ሃሳን»፥ ትርጓሜውም «የተሰበረ ሀብት»፥ ንብረቱ ተሸጦ ለባለገንዘቦች የሚከፋፈልበትና ድርጅቱ የሚያከትምበት ነው።

«ሚንጂ ሳይሴይ» በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ የሚሠራበት ሥርዓት ነው፤ የድርጅቱ ኃላፊዎች እንደ ደንቡ ከሥራቸው ሳይነሡ ዕዳውን በዕቅድ ያቃልላሉ።

«ካይሻ ኮሴይ» ለአክሲዮን ማኅበሮች የተወሰነ ነው። ፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ይሾማል፤ መያዣ ይዞ ያበደረ እንኳ መያዣውን በፈቃዱ ሊሸጥ አይችልም። የጃፓን አየር መንገድ በጥር 2002 ዓ.ም. በዚህ ሥርዓት ገብቶ ሳለ አውሮፕላኖቹ መብረራቸውን አላቋረጡም፤ አክሲዮኑም በመስከረም 2005 ዓ.ም. ወደ ቶኪዮ ገበያ ተመለሰ።

አስቀድመው የሚያስጠነቅቁ ቃላትም አሉ። «ፉዋታሪ» የተስፋ ሰነድ ወይም ቼክ ሳይከፈል ሲመለስ የሚነገር ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ የደረሰበት ድርጅት ከባንኮች ጋር በቼክ ሒሳብና በብድር መገናኘት ለሁለት ዓመት ይከለከላል። «ኩሮጂ ቶሳን» በመዝገብ ትርፍ እያሳየ በእጁ ጥሬ ገንዘብ አጥቶ የሚወድቀው ነው፤ ስለዚህ የትርፍ መግለጫ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። «ሬንሳ ቶሳን» ደግሞ አንዱ ወድቆ ያበደሩትንና ዕቃ ያቀረቡለትን ተከትሎ ሲጥል ነው።

እንግዲህ ቡና ልኮ ዋጋውን የሚጠብቅ ላኪ ደንበኛው «ቶሳን» ሆነ የሚል ወሬ ቢሰማ፥ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ነገሩ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ። ቀጥሎም «ሳይከን ቶዶከዴ» የሚባለውን የገንዘብ ጥያቄ ማስታወቂያ ፍርድ ቤቱ በወሰነው ጊዜ ውስጥ ያቅርብ። ቀኑን ያሳለፈ ባለገንዘብ ሰነዱ የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን ድርሻውን ሊያጣ ይችላል።