የአልኮል ምድጃ

የአልኮል ምድጃ ኢታኖልን ወይም ሜታኖልን በማንደድ የሚሠራ የማብሰያ ዓይነት ነው። በትናንሽ የሸራ ጀልባዎች ላይ የታወቀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባና ከሐረር በስተምሥራቅ በሚገኙ የስደተኞች መጠለያዎችም አገልግሏል።

አመጣጥ

በትንሽ ጀልባ ውስጥ ማብሰያውና መኝታው አንድ ጠባብ ክፍል ናቸው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ ካፈተለከ ከወለሉ ሥር ተጠራቅሞ በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። የከሰል ምድጃ ደግሞ ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድን ያወጣል። ስለዚህ ብዙ ጀልበኞች ያለ ግፊት የሚሠራውን የአልኮል ምድጃ መርጠዋል። ከእነዚህ አንዱ የስዊድኑ ዶሜቲክ ኩባንያ ምርት የነበረው «ኦሪጎ» ነው።

አሠራር

ነዳጁ እንደ ስፖንጅ በሚመጥ ቃጫ ወደ ተሞላ ጣሳ ይጨመራል። ቃጫው አልኮሉን ስለሚይዘው ምድጃው ቢገለበጥም ነዳጁ በቀላሉ አይፈስም። ከጣሳው አፍ የሚወጣው ትነት ይነድዳል፤ እሳቱም በተንሸራታች ክዳን ይጨመራል፣ ይቀነሳል ወይም ይጠፋል።

በኢትዮጵያ

«ክሊንኩክ» የተባለው ምድጃ ከኦሪጎ የተወሰደ ነው። ጋያ ማኅበር ምድጃውን በአዲስ አበባ ከሞከረ በኋላ፣ ከጅጅጋ አካባቢ ባለው የቀብሪበያህ መጠለያ ለሶማሊያ ስደተኞች አዳርሷል። በዚያ ሴቶች ማገዶ ፍለጋ ርቀው ሲሄዱ ለጥቃት ይጋለጡ ነበር። ኢታኖሉ የተገኘው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ከሚያመርተው ነው። ይሁንና ይኸው ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ለመቀላቀልም ይፈለጋል።

በጠባብ ቤት ምድጃ ስለ መምረጥ

የጀልባው ጥያቄ በሐረር ጀጎል ውስጥም ይነሣል። በግንቡ ውስጥ ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩ፣ መተላለፊያዎቹም ጠባብ ናቸው። በባህላዊው የሐረሪ ግቢ ማድቤት ከዋናው ቤት የተለየ ነው፤ በአንድ ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ግን የምድጃው ጭስና የእሳት አደጋ ከመኝታው አይርቅም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት የአልኮል ምድጃ ጥላሸትና ጭስ የሌለው መሆኑ ይጠቅማል። ነገር ግን፦

• አንድ ሊትር ኢታኖል ከአንድ ሊትር ላምባ ያነሰ ሙቀት ስለሚሰጥ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል።
• ለወጥና ለሻይ ይበቃል፤ ለሰፊው የእንጀራ ምጣድ ግን አይሆንም።
• ኢታኖል በአቅራቢያ ዘወትር ካልተሸጠ ምድጃው ዋጋ የለውም።

በመሆኑም ምድጃ መምረጥ በቅድሚያ ነዳጅ መምረጥ ነው።

ጥንቃቄ

የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን በግልጽ አይታይም። ስለዚህ ነዳጅ የሚጨመረው እሳቱ መጥፋቱ ከተረጋገጠና ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ምግብ በሚበስልበት ጊዜም በር ወይም መስኮት መከፈት አለበት።