አብዷል ወይስ ተመርዟል?

ወልቂጤ ውስጥ አንድ ውሻ ድንገት ሲንገዳገድና ለሃጩ ሲዝረበረብ ቢታይ፣ ሰፈርተኛው «አብዷል!» ብሎ ድንጋይ ማንሳቱ አይቀርም። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞታልን?

ተመሳሳይ ምልክት ከሚያሳዩ መርዞች አንዱ ካናቢስ (እጸ ፋርስ) ነው። ፍየል የጫት ገራባ ስትበላ ማየት ስለለመድን፣ ሰው የሚጠቀመው ቅጠል እንስሳን አይጎዳም ብለን እንገምት ይሆናል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ቴትራሃይድሮካናቢኖል የተሰኘው የካናቢስ ንጥረ ነገር በስብ ስለሚሟሟ ወደ አንጎል በቀላሉ ይዘልቃል። ሚዛንን በሚጠብቀው የውሻ አንጎል ክፍል፣ በሴሬቤለም፣ የዚህ ንጥረ ነገር ተቀባዮች ከሰው ይልቅ በብዛት ይገኛሉ። ስለዚህ የተጣለ ቁራጭ የበላ ውሻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይንገዳገዳል፤ ሽንቱ ያመልጠዋል፤ በትንሽ ድምፅ ይደነብራል፤ የሰውነቱም ሙቀት ሊቀንስ ይችላል። ድመትም ከዚህ አታመልጥም። ማርከሻ ባይኖረውም፣ በወቅቱ የታከመ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ያገግማል።

ትልቁ ጠንቅ ዝምታ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 በአደንዛዥ ዕፅ መጠቀምን ስለሚያስቀጣ፣ ባለቤቱ እውነቱን ለመናገር ይፈራል። ሐኪሙም መርዙን ከበሽታው ለመለየት ይቸገራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ውሻ ስናይ አንምታው፤ እጃችንንም ወደ አፉ አናስጠጋ። ለብቻው ዘግተን የእንስሳት ሐኪም እንጥራ፤ የበላውንም ሳንደብቅ እንንገር። ነክሶን ከሆነ ግን «መርዝ ነው» ብለን ሳንዘናጋ፣ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበን ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። በግምት መፍረድ ውሻንም ሰውንም ያስገድላልና።